የማንበብ መብት ምሽት፦ ከመደርደሪያው ጀርባ ያሉት ሦስት ወረቀቶች

የተከበራችሁ አድማጮች፣

በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማንበብ መብትን የሚያከብር ምሽት ለማዘጋጀት የሚነሱ የማኅበረሰባችን በጎ ፈቃደኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኞቹን መጻሕፍት እንደርድር?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን መታየት ያለባቸው ሦስት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሚገዛበት የመረጣ መመሪያ ነው። ሁለተኛው አንባቢ በመጽሐፍ ላይ ቅሬታ ሲኖረው የሚሞላው ቅጽ፣ ከነአሠራሩ። ሦስተኛው የተዋሰውን ሰው ምስጢር የሚጠብቀው ደንብ። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ የሚያቆዩት እነዚህ ናቸው። ሰው መጥቶ፣ የሚያምር ጠረጴዛ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሦስቱን ወረቀቶች ሳያይ ከተመለሰ ድካሙ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።) ምሽቱን የምናዘጋጅበት፣ በየዓመቱ የሚከበረው የታገዱ መጻሕፍት ሳምንት የተጀመረው በ1982 ነው። በዚያ ዓመት የመጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበር በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ 500 ያህል ተቃውሞ የቀረበባቸው መጻሕፍት በቁልፍ በተዘጉ የብረት ፍርግርግ ሳጥኖች ውስጥ ተከምረው ታዩ። ሐሳቡን ይዛ በየቤተ መጻሕፍቱ ያስፋፋችው ጁዲት ክሩግ ናት። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር በ1967 የተቋቋመውን የአእምሮ ነጻነት ቢሮ ከጅምሩ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ፣ እስከ 2009፣ መርታዋለች። ማኅበሩ «የቤተ መጻሕፍት የመብቶች ድንጋጌ» የሚባለውን ሰነድ ያጸደቀው በ1939 ነው፤ መነሻውም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአዮዋ ክፍለ ግዛት የዴ ሞይን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ለራሱ ያወጣው ጽሑፍ ነበር።

በዚያው በ1982 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአይላንድ ትሪስን ጉዳይ ወሰነ። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የሚገኝ የትምህርት ቦርድ በ1976 መጻሕፍትን ከትምህርት ቤቶቹ መደርደሪያ አንስቶ ነበር፤ ስቲቨን ፒኮ የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ከሰሰ። ዋናው ሐሳብ፣ ቦርድ የመጽሐፉን ሐሳብ ስላልወደደው ብቻ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊያነሳው አይችልም የሚል ነበር። ይሁንና ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ በአንድ ምክንያት ላይ አልቆሙም። ውሳኔው ከዚያ ጀምሮ እንደተከፈተ በር ሆኖ ቆይቷል፤ አንዱ ሲገባበት ሌላው ሲዘጋው።

ይህን የማነሳው በየምሽቱ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሕጉ ይጠብቀናል» የሚል ተናጋሪ ስለማይጠፋ ነው። የሚጠብቀው እንደምትኖሩበት ቦታ ነው። በቴክሳስ የላኖ አውራጃ ባለሥልጣናት 17 መጻሕፍት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስነሥተው ነበር፤ አንባቢዎች ከሰሱ፤ የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በግንቦት 2025 በ10 ለ7 ድምፅ አንባቢ በዚህ ጉዳይ ላይ ቤተ መጻሕፍቱን በሕገ መንግሥቱ ሊከስ አይችልም ብሎ ወሰነ። ይህ በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በሚሲሲፒ ይሠራል። ስለዚህ ዳላስ ወይም ሂዩስተን የምትኖሩ ወገኖች መከታችሁ የከተማው የመረጣ መመሪያና የቦርዱ ስብሰባ ነው፤ የስብሰባውን ቀን ማወቅ ግዴታችሁ ነው። በአንጻሩ ኢሊኖይ በ2023፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታ ደግሞ በ2024 መጻሕፍት በሐሳባቸው ወይም በደራሲው ማንነት ምክንያት እንዳይነሱ የሚከለክሉ ሕጎች አውጥተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግና ሚኒያፖሊስ ያለው ወገናችን የሚያነበው የክፍለ ግዛቱን ሕግ ነው። አዘጋጆች የመጀመሪያውን ሳምንት ይህን ለማጣራት አውሉት። የሌላ ክፍለ ግዛት ሕግ መድረክ ላይ መጥቀስ ከሁሉ የሚከፋ ስህተት ነው፤ ሰው አምኖ ይሄድበታል።

ቃላችንም መስተካከል አለበት። «የታገደ መጽሐፍ» ሲባል የኛ ሰው ጆሮ የሚሰማው ሳንሱርን ነው፦ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ለመርማሪ ቀርቦ፣ ተሰርዞና ተደልዞ፣ ፈቃድ አግኝቶ ወይም ተከልክሎ። አሜሪካ ውስጥ የሚደርሰው ሌላ ነው። መጽሐፉ ታትሟል፣ ይሸጣል፤ ጥያቄው ከዚህ መደርደሪያ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚል ነው። ይነሳ ብሎ ማመልከት «ተቃውሞ» ይባላል፤ ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቶ መጽሐፉ ሲነሳ ነው «ታገደ» የሚባለው። ሁለቱን የቀላቀለ መግለጫ ካርድ ከተጠራጣሪ ጎብኚ ፊት አንድ ደቂቃ አይቆምም። ደግሞም ትክክል አይደለም።

ቁጥሩን ለሚጠይቁ፦ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በመላ አገሪቱ በ2020 የመዘገበው የማስነሣት ሙከራ 156 ነበር፤ በ2021 ወደ 729 አሻቀበ። በ2023 ሙከራው 1,247 ደርሶ 4,240 የተለያዩ መጻሕፍት ተነክተዋል። በ2024 ወደ 821 ሙከራና 2,452 መጻሕፍት ወረደ። ከ2024ቱ ሙከራዎች 72 በመቶው የመጣው ከተደራጁ ቡድኖችና ከባለሥልጣናት ነው፤ የወላጆች ድርሻ 16 በመቶ ነበር። ማኅበሩ የሚቆጥረው የተነገረውንና በዜና የወጣውን ብቻ መሆኑን አትርሱ። በዝምታ የተነሣ መጽሐፍ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ቀኑ ከሁሉ ይቀድማል። የታገዱ መጻሕፍት ሳምንት ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይውላል፤ ያ ማለት በኛ አቆጣጠር ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከመስቀል ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። በ2024 ከመስከረም 12 እስከ 18፣ 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ሐሙስ ማታ አዳራሽ የያዘ ሰው ከደመራ ጋር ተጋጨ ማለት ነው። በ2025 ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 1፣ 2018 ዓ.ም. ስለዋለ በዓሉ አልፎ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብዙ ቤተሰብ ይመቻል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፤ ከሰዓትም ሰው እየዘገየ ይመጣል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የሚቀርበው ሁሉ የጾም ይሁን፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይ። እንግዲህ ቡና እናፍላ የምትሉ እህቶች ካላችሁ የቤተ መጻሕፍቱን የእሳት ደንብ አስቀድሙ። ከሰልና ዕጣን በአብዛኞቹ አዳራሾች አይፈቀድም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ ይለቀቃል፣ ምሽቱም ያበቃል። ቡናውን ቤት አፍልቶ በፔርሙስ ማምጣት ይሻላል።

አዳራሹን ከ10 እስከ 12 ሳምንት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ማንኛውም ቡድን ክፍሉን ማስያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያውም፣ ወንበሩም፣ ጽዳቱም በእናንተ ላይ ይወድቃል፣ ቤተ መጻሕፍቱም «ይህ የኛ ዝግጅት አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ዝግጅቱን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር በጋራ ማዘጋጀት ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የመረጣ መመሪያውን የሚያውቀው ባለሙያ መድረክ ላይ የሚወጣው በዚህኛው ብቻ ነው። የመብቶች ድንጋጌው ስድስተኛ አንቀጽ የመሰብሰቢያ ክፍሎች የጠያቂው እምነትም ሆነ ቡድን ሳይታይ በእኩልነት እንዲሰጡ ይላል። ይህ ለእናንተ የሚሠራውን ያህል ከእናንተ ጋር ለማይስማማ ቡድንም ይሠራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ክፍል የሚይዘው የምትቃወሙት ማኅበር ቢሆን ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን መብቱን መደገፍ ይጠበቅባችኋል። የኛ ማኅበረሰብ በፖለቲካ በተከፋፈለበት በዚህ ጊዜ ይህን አስቀድማችሁ በመካከላችሁ ተነጋገሩበት። የአንድ ድርጅት አርማ ጠረጴዛው ላይ ከታየ ግማሹ ሰው ከበር ይመለሳል።

ጠረጴዛው ላይ ከ20 እስከ 25 መጽሐፍ ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ሰው ርዕስ እያየ ያልፋል፤ አንድም አያነሳም። ለእያንዳንዱ የፖስታ ካርድ የምታህል መግለጫ ይዘጋጅለትና አምስት ነገር ትያዝ፦ የት፣ መቼ፣ ማን ጠየቀ፣ በምን ምክንያት፣ ውጤቱ ምን ሆነ። አምስቱን ማሟላት ያልተቻለበት መጽሐፍ ከጠረጴዛው ይውጣ። «በአንድ ወቅት ታግዶ ነበር ይባላል» የሚል ካርድ ሃያ አምስቱንም ያስጠረጥራል።

መጻሕፍቱን በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ ምክንያቱን ብቻ መጻፍ የተለመደ አቀራረብ ነው። ጎብኚ ይወደዋል። የሚበላሸው መጽሐፍ መዋሻው ጠረጴዛ ጋ ነው፤ ባርኮዱ ተሸፍኗልና ማሽኑ አያነበውም፣ ሠራተኛው ይቀደዋል፣ ሰልፉ ይረዝማል። በጥቅሉ ጀርባ ለባርኮዱ መስኮት ቁረጡ። የተዋሱትን መጻሕፍት ባዶ ቦታ ለመሙላት ደግሞ የሽፋናቸውን የቀለም ቅጂ አስቀድማችሁ አትሙና «ወጥቷል፣ ለመያዝ ስም ያስመዝግቡ» የሚል ወረቀት ለጥፉበት። የምሽቱ ግብ ጠረጴዛው እንዲራቆት ነው።

የአማርኛው ጥግ የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ጥቂት ከተሸጠ በኋላ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ተደርጓል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ፣ ማለትም በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት፣ ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለወጣ እዚህ ተወልደው ፊደል የማያነቡ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ጎን ለጎን ሊይዙት ይችላሉ፤ ሁለቱን ቅጂ አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ። ካርዱ ላይ ግን እነዚህ ሁለቱ በአሜሪካ ከሚደርሰው ተቃውሞ በዓይነት እንደሚለዩ ጻፉ። እዚህ ላይ የተከለከለው መደርደሪያ አልነበረም፤ መጽሐፉ ራሱ ነው፣ በአንዱ ላይ ደግሞ የሰው ሕይወት። ቀጥሎ የመጣውንም አክሉ፦ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፣ መረጃ የመሻትና የመቀበል መብትንም በዚያው አንቀጽ ያስቀምጣል። አንቀጹን በአማርኛ አትማችሁ አኑሩ። ከሃያ ሰው ምናልባት አንዱ ነው አንብቦት የሚያውቀው።

ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ እያለ የማይገኝበት ምክንያት። በካታሎግ ላይ አማርኛ ወደ ላቲን ፊደል የሚገለበጠው በራሱ ሠንጠረዥ ነው። እኛ «በዓሉ» ብለን ስንጽፍ ከ«ቢ» ቀጥሎ «ኢ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል እናስቀምጣለን፤ ሠንጠረዡ ግዕዝ ድምፅን በ«ኤ» ፊደል ይጽፋል። «ግርማ»ን በ«አይ» ፊደል እንጽፋለን፤ ሠንጠረዡ ሳድስን በ«ኢ» ይጽፋል። «ቀ»ን እኛ በ«ኬ»፣ እሱ በ«ኪው»። ስለዚህ ሰው ስሙን እንደለመደው ጽፎ ይፈልጋል፣ ምንም አያገኝም፣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው። የካታሎግ ደንቡ የኢትዮጵያን ስም በራስ ስም እንዲጀምር ያዛል፤ ያላወቀ ሠራተኛ ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድመዋል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ በ«ግርማ» ሥር ተቀምጦ ሰው በ«በዓሉ» ሥር ይፈልገዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚፈልገው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። ከምሽቱ ስድስት ሳምንት በፊት ቅርንጫፋችሁ ያሉትን የአማርኛ መጻሕፍት ሁሉ መደርደሪያው ድረስ ሄዳችሁ መዝግቡ፦ ርዕሱ በፊደል፣ ካታሎጉ ላይ ያለው አጻጻፍ፣ የመደርደሪያ ቁጥሩ። ከዚያ ለካታሎግ ክፍሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሰው የሚጽፈው የተለመደ አጻጻፍ እንደ ተለዋጭ ርዕስ እንዲገባ። ሁለተኛ፣ ርዕሱና የደራሲው ስም በፊደል እንዲጨመር። ለአንድ መጽሐፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዝርዝሩን አዘጋጅቶ የሚያመጣላቸው ፊደል የሚያውቅ ሰው ስለሌላቸው ነው ሳይሠራ የቀረው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው መጣራት የሚባለው ነው። ቤተ መጻሕፍት በየጊዜው መደርደሪያቸውን ያጠራሉ፤ በሰፊው የሚሠራበት በቴክሳስ ክፍለ ግዛት ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀው መመሪያ ነው። መረጃው አሳሳች የሆነ፣ የተቀዳደደ፣ በአዲስ እትም የተተካ፣ ለአካባቢው አንባቢ የማይጠቅም፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ መጽሐፍ ይወጣል። ማንም ካልተዋሰው ስንት ዓመት እንዳለፈም ይታያል። ይህ ሳንሱር አይደለም፤ ጤናማ ሥራ ነው። ነገር ግን ካታሎጉ ላይ የማይገኝ መጽሐፍ ማንም አይዋሰውም፤ ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ደግሞ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በዚህ መስፈርት ይጣራል። ማንም ሳይቃወመው፣ ማንም ሳይከፋበት የአማርኛው መደርደሪያ የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው። የምሽቱ ተሳታፊ ሁሉ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ተውሶ ቢወጣ ለብዙዎቹ የማጣሪያ ሰዓታቸው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

መርሐ ግብሩን በ90 ደቂቃ ወስኑት። መክፈቻ 10፣ ንባብ 35፣ የቅሬታ ቅጹ ልምምድ 25፣ ጥያቄና መልስ 15፣ የቀረው 5 ደቂቃ ለቤተ መጻሕፍት ካርድ ምዝገባና ለግዥ ጥያቄ፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ እንዲገዛ ለመጠየቅ። ቤተ መጻሕፍቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ8 ሰዓት ማታ የሚዘጋ ከሆነ ፕሮግራሙ ሩብ ጉዳይ ላይ ያልቅ፤ ወንበር መመለስ አለ።

ለንባቡ ስድስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሰዓት ነው፤ አንባቢ ዝም ብሎ ሲያነብና ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። እያንዳንዱ በሰዓት ይዞ ቤቱ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ከአምስት ካለፈ ይቁረጠው። ስለ ቅጂ መብት የምትፈሩ አላችሁ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ክፍል 110 ንዑስ ቁጥር 4፣ ድራማ ያልሆነን ጽሑፍ በአዳራሽ ውስጥ በአካል ማንበብን ይፈቅዳል፤ የንግድ ዓላማ ከሌለው፣ አንባቢው ካልተከፈለውና የመግቢያ ዋጋ ከሌለ። ለሕዝብ የሚተላለፍ ሥርጭት ግን ከዚህ ውጭ ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ በቀጥታ ሲያስተላልፍ ፈቃዱ እዚያው ላይ ያበቃል። ለማስተላለፍ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ደራሲውን፣ ወራሾቹን ወይም አሳታሚውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ንባቡን ዘልላችሁ ውይይቱን ብቻ አስተላልፉ።

የቅሬታ ቅጹ ልምምድ የምሽቱ ልብ ነው፤ አትቁረጡት። ሰዉን አምስት አምስት አድርጋችሁ ለየቡድኑ ሦስት ነገር ስጡ፦ የቤተ መጻሕፍቱን እውነተኛ ቅጽ፣ የመረጣ መመሪያውን፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ ባለሙያዎች የጻፉትን ሁለት ግምገማ። ከዚያ እንደ ገምጋሚ ኮሚቴ ይወስኑ። አሠራሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ከሠራተኛ ጋር ይነጋገራል። ካልረካ ቅጹን ይሞላል፦ መጽሐፉን ሙሉውን አንብበውታል? የትኛው ገጽ ነው ያሳሰበዎት? ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ? ኮሚቴው ሙሉውን መጽሐፍ ያነባል። በዚህ ጊዜ ሁሉ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይነሳም። ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይግባኙ ወደ ቦርዱ ነው። የቀኑ ገደብ በየቤተ መጻሕፍቱ ስለሚለያይ ከቅጹ ላይ አንብቡት። ቡድኖች የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው፤ መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለው ይከራከራሉ። የኮሚቴው ጥያቄ ግን መጽሐፉ ከመመሪያው ጋር ይስማማል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ውሳኔውን የመመሪያውን አንቀጽ ጠቅሶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

በዚህ ልምምድ ላይ ወላጆች መነሣታቸው አይቀርም። «ታዲያ ልጄ ያገኘውን ሁሉ ያንብብ ነው የምትሉት?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ በፈገግታ ማለፍ ነውር ነው፤ ባልለመዱት አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጥያቄ ነውና። መልሱ ግልጽ ነው። እናንተ ለልጃችሁ የመወሰን ሙሉ መብት አላችሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በእናንተ ቦታ ወላጅ ሆኖ አይቆምም። ከልጃችሁ ጋር ሂዱ፣ አብራችሁ ምረጡ፣ የማትፈልጉትን አታውሱ። ለጎረቤት ልጅ ግን የሚወስኑት የጎረቤት ልጅ ወላጆች ናቸው። እና ቅጹ የእናንተም ነው። ቅጹን ሞልቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ምክንያቱን አስረድቶ የሚቃወም ወላጅ ሥርዓቱን እያከበረ ነው፤ በዚህ ምሽት እንደ ባላጋራ መታየት የለበትም። ሥርዓቱን የሚያፈርሰው በዝምታ መጽሐፍ የሚደብቅ ጎብኚ፣ ወይም ጭቅጭቅ ፈርቶ ማንም ሳይጠይቀው የሚያነሳ ሠራተኛ ነው። በወላጆች ላይ ንግግር ከመደርደር ለልጆቻቸው በጎን ክፍል የተረት ንባብ አዘጋጁላቸው። ያኔ ሳይጨነቁ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ።

ለወጣቶች አንድ የተጨበጠ ነገር ጠቁሙ። የብሩክሊን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ላሉ ከ13 እስከ 21 ዓመት ወጣቶች የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ካርድ በነጻ ይሰጣል፤ ሲያትል በ2023 ሲቀላቀል ዕድሜውን እስከ 26 አድርጎታል። መጽሐፍ በሚነሳበት ከተማ ለሚኖር የኛ ልጅ ይህ ካርድ ቀጥተኛ መውጫ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት፣ የምስጢር ደንቡ፣ ለኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ይቀርባል። ያነበበው ነገር እንደ ማስረጃ በተቆጠረበት ዘመን ያለፈ አንባቢ «ምን እንደወሰድኩ ማን ያያል?» ብሎ መጠየቁ የሚገባው ነው። በአብዛኞቹ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉ ሲመለስ በተዋሹና በመጽሐፉ መካከል ያለው መዝገብ ይቋረጣል፤ የንባብ ታሪክ የሚቀመጠው ተዋሹ ራሱ በሒሳቡ ውስጥ ሲፈቅድ ነው። ተሳታፊው ስልኩን ከፍቶ ይህን ምርጫ እንዲያየው አድርጉ። በኮነቲከት አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በ2005 የተጠቃሚ መረጃ እንዲሰጡ ከፌዴራል ምርመራ ቢሮ ደብዳቤ ደርሷቸው፣ መድረሱንም ለማንም እንዳይናገሩ ታግደው፣ በፍርድ ቤት ተከራክረዋል፤ በ2006 መንግሥት ጥያቄውን ትቶታል። ይህን ታሪክ ሲሰማ ሰው ካርድ ለማውጣት ድፍረት ያገኛል።

ምሽቱም በዚሁ ደንብ ይመራ። በር ላይ የስም ዝርዝር አታስፈርሙ፤ ቁጥሩን ብቻ በመቁጠሪያ ያዙ። ፎቶ የሚፈቅዱ ሰዎች ደረታቸው ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ ያድርጉ፤ የሌለው አይነሳ። አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው ከየትኛው መጽሐፍ አጠገብ ቆሞ እንደታየ ሊያሳስበው ይችላልና ምክንያቱን አትጠይቁት። ለመቃወም የመጣም ሰው እንደማንኛውም በተራው ሁለት ደቂቃ ይናገር። የአዳራሹ ደንብ የሚመለከተው ጠባይን ነው፤ ሐሳቡን ለመቆጣጠር አይውልም። ሲጮህ የሚያረጋጋው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እንጂ በጎ ፈቃደኛው አይሁን፤ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለግዥ ጥያቄ ቅጹ አውሏቸው። ሰው የሚፈልገውን የአማርኛ መጽሐፍ ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ካለውም በጀርባው ያለውን መለያ ቁጥር ይጻፍ። ርዕሱን ብቻ ጽፎ የሄደ ሰው ጥያቄው ይወድቃል፤ ገዢው ክፍል ከየት እንደሚገዛው አያውቅምና። አንድን መጽሐፍ አምስት ሰው ቢጠይቀው ከአምስት ሰው አምስት መጽሐፍ ይበልጥ ይታያል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ አሥር ርዕስ መርጣችሁ ዝርዝሩን አድሉ። የዋሽንግተን ዲሲ የበጀት ዓመት ጥቅምት 1 ቀን በፈረንጆቹ ይጀምራል፤ በሜሪላንድ አውራጃዎች ሐምሌ 1 ነው። ዲሲ ያላችሁ ቅጾቹን በዚያው ሳምንት አስገቡ። ሜሪላንድ ያላችሁ ግን ገንዘቡ ወደ በጀት ዓመቱ መጨረሻ እየሳሳ ስለሚሄድ ቅጂውን ጠብቃችሁ በሐምሌ መጀመሪያ እንደገና አቅርቡት።

አመሰግናለሁ።